ከዲትሮይት እስከ ካንሳስ ሲቲ፦ የስምንቱን ቡድኖች ሜዳ ፍለጋ

ልጄ ቤዝቦል መጫወት ከጀመረ ወዲህ እኛ ቤት ኳስ ሲባል አርሰናልና ማንቼ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ትምህርት ሲዘጋ የት እንሂድ ስለው ባሕር ዳርቻ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ የከተማ ስም ይደረድር ጀመር። ዲትሮይት፣ ዴይተን፣ ኢንዲያናፖሊስ፣ ቺካጎ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ካንሳስ ሲቲ። ሁሉም በ1920 የተመሠረተው የጥቁሮች ሊግ፣ የኔግሮ ናሽናል ሊግ፣ ቡድኖች የነበሩባቸው ከተሞች ናቸው።

በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ሊጎች ጥቁር ተጫዋች አያስገቡም ነበር። የተጻፈ ሕግ የለም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ጥቁሮች ከዚያ በፊትም የራሳቸውን ሊግ ሞክረው ሳይቆይ ፈርሶባቸዋል። ይሄኛው ግን እስከ 1931 ዘለቀ። ሲጀመር ስምንት ቡድኖች ነበሩት። ሁለቱ፣ ቺካጎ ጃያንትስና ኪዩባን ስታርስ፣ የራሳቸው ሜዳ አልነበራቸውም፤ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ነበር የሚጫወቱት። የስድስቱ ሜዳ የት እንደነበረ ግን መፈለግ ይቻላል።

ከሜሪላንድ ዲትሮይት በአውሮፕላን፣ ከዚያ በኪራይ መኪና እስከ ካንሳስ ሲቲ ሄድን። የታሪኩን ዓመታት በፈረንጅ፣ የጉዞውን ቀናት በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ሐምሌ 2፣ ሃምትራምክ

መኪናውን ሌላ ከተማ ስለምንመልስ ብቻ 250 ዶላር ጨመሩብን። ሌላ ቦታም ጠይቄ ነበር፤ እዚያም ያው ነው። ከፍለን ወጣን።

ሃምትራምክ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል በዲትሮይት የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት። በፊት የፖላንዶች ነበረች። አሁን የየመንና የባንግላዴሽ ሰው ሞልቶባታል። የሰኔ ጾም ገና ስላልተፈታ አንድ የየመኖች ምግብ ቤት ገብተን ፉል አዘዝን። በሸክላ እየተንተከተከ መጣ፣ ከነትልቁ ትኩስ ዳቦ፣ 11 ዶላር። የአዲስ አበባው ፉል ላይ ቃሪያና ሽንኩርት ይበዛል፤ እዚህ ቲማቲሙ ነው የሚበዛው። ባለቤቱ ከየት እንደመጣን ሲሰማ ሻይውን አላስከፈለንም። አጎቱ ድሮ ድሬዳዋ ሱቅ ነበረው አሉ።

የመጣንበት የሃምትራምክ ስታዲየም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ዲትሮይት ስታርስ መጀመሪያ ይጫወቱበት የነበረው ማክ ፓርክ በ1929 ተቃጠለ። በዓመቱ ወደዚህ መጡ። የጥቁሮቹ ሊግ ከተጫወተባቸው ሜዳዎች እስከ ዛሬ የቆሙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ይህ አንዱ ነው። ለዓመታት ተዘግቶ ዝጎ ነበር፤ ታድሶ በ2022 ተከፈተ። ሜዳው በተርኪ ስተርንስ ስም ተሰይሟል። ስተርንስ ሲሮጥ ክርኑን እንደ ክንፍ ያራግብ ነበር አሉ። የዘመኑ ኃይለኛ መቺ ነው፤ ግን የጨዋታው ወቅት ሲያልፍ መኪና ፋብሪካ ገብቶ ይሠራ ነበር። በ1979 ሞተ። የቤዝቦል ጀግኖች የሚከበሩበት የዝና አዳራሽ የገባው በ2000 ነው። ሃያ አንድ ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው።

ስንደርስ ሜዳው ላይ የባንግላዴሽ ልጆች ክሪኬት ይጫወታሉ። ልጄ አጥሩን ተደግፎ ሲያያቸው አንዱ ጠጋ ብሎ ጠፍጣፋውን ዱላ ሰጠው። እሱም ከመኪናው የራሱን ባት አውጥቶ አቀበለው። ከዚያ ተራ በተራ፣ አንዱ በሌላው ዱላ፣ አንዱ በሌላው ሕግ መጫወት ጀመሩ። ልጄ ሦስት ጊዜ ስቶ በአራተኛው መታት። ኳሷ ከመቀመጫዎቹ የብረት ምሰሶ ጋር ተጋጭታ ስትጮህ ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን አነሱ። እኔ ያንን ብረት ነበር የማየው። ስተርንስ ሲመታ ያ ሁሉ ሰው ከዚያ ሥር ተቀምጦ ነበር። አሁንም ቆሟል።

ሐምሌ 3፣ ዴይተን

በ75 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ያህል። ዴይተንን ሰው የሚያውቃት በራይት ወንድማማቾች ነው። የዴይተን ማርኮስ ግን በሊጉ የተጫወቱት በመጀመሪያው ዓመት ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት አልነበሩም፤ በ1926 ለአንድ ወቅት ተመለሱ። የሚታይ ሜዳ አላገኘንም።

የምነግራችሁ አንድ ሰው አለ። በ1913 ከተማዋን ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት ዊልያም ስሎን የሚባል የማርኮስ ተጫዋች ጀልባ በግድ ነጥቆ ቀንና ሌሊት ሰው ሲያወጣ ሰነበተ። ከ300 ሰው በላይ እንዳተረፈ ይነገራል። ነጭ ጥቁር ሳይል። ማርኮስ ዋንጫ አላነሱም፤ እኔ ግን ከስምንቱ የምወደው ቡድን ብባል እነሱን እጠራለሁ።

ማታ ኢንዲያናፖሊስ ገባን።

ሐምሌ 4፣ ኢንዲያናፖሊስ

የኢንዲያናፖሊስ ኤቢሲዎች ስማቸውን ያገኙት ከቢራ ፋብሪካ ነው፤ አሜሪካን ብሩዊንግ ካምፓኒ። የእኛም አገር ቢራ ፋብሪካዎች ቡድን ስለነበራቸው ለልጄ ማስረዳት አልከበደኝም። የሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታ የተደረገው እዚህ ነው፣ ሜይ 2 ቀን 1920። ኤቢሲዎች ቺካጎ ጃያንትስን 4 ለ 2 አሸነፉ። ሜዳው ዋሽንግተን ፓርክ ይባል ነበር፤ በአሁኑ የአራዊት መናፈሻ በኩል ነው። ሕፃናት በጋሪ እየተገፉ ቀጭኔ ለማየት ተሰልፈዋል። ስለ ጨዋታው ሠራተኞቹን ስንጠይቅ አንዲት ሴትዮ ብቻ "አያቴ ትነግረኝ ነበር" አለችን።

ኦስካር ቻርልስተን የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። በ15 ዓመቱ ወታደር ቤት ገብቶ ፊሊፒንስ ደርሶ ተመለሰና ለኤቢሲዎች ተሰለፈ። መሐል ሜዳውን ብቻውን ይሸፍነዋል ይሉ ነበር። በ2024 የጥቁሮቹ ሊጎች ውጤት ከትልልቆቹ ሊጎች መዝገብ ጋር ሲቀላቀል በምት አማካይ፣ ማለትም ከሙከራዎቹ ስንቱ ምት እንደተሳካ በሚያሳየው ቁጥር፣ ጆሽ ጊብሰን የሚባል መቺ በ0.372 ከሁሉም በላይ ወጣ፤ ቻርልስተን ደግሞ ሦስተኛ ሆነ። የተቀበረው ፍሎራል ፓርክ ነው። ድንጋዩ ትንሽ ናት። ፈልገን ፈልገን ያገኘናት ሣር አጫጁ ማሽኑን አጥፍቶ መርቶን ነው።

ከዚያ ቡሽ ስታዲየምን አየን። በ1931 የተከፈተ ነው፤ አሁን መኖሪያ አፓርታማ አድርገውታል። ሰዎች መስኮታቸውን ከፍተው የሚያዩት የቀድሞውን ሜዳ ነው። እዚህ ከተጫወቱት አንዱ ክላውንስ፣ ቀልደኞች ማለት ነው፣ የሚባል ቡድን ነው። ልጄ ስልኩ ላይ ታሪካቸውን እያነበበ ነበር።

"አባዬ! ድሮ ስማቸው ኢትዮጵያን ክላውንስ ነበር!"

ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። ቁጭ ብለን አብረን አነበብነው። ማያሚ ውስጥ በ1930ዎቹ የተነሳ ቡድን ነው። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ የሣር ቀሚስ አድርገው፣ የአፍሪካ ይመስላል የተባለ የፈጠራ ስም ይዘው ሕዝቡን ያስቁ ነበር። በአገራችን ላይ የመርዝ ጋዝ በሚዘንብበት በዚያው ሰሞን እዚህ በስማችን ይሳቅ ነበር። ልቤ ተሰበረ። የጥቁር ጋዜጦች ጸሐፊዎችና የሌሎቹ ቡድኖች ባለቤቶች ዝም አላሉም፤ ይህ ስድብ ነው ብለው ተቃወሙ። ቡድኑ በ1943 ሊግ ውስጥ ሲገባ ኢትዮጵያን የሚለውን ስም ጣለ። ስማችንን የተከላከሉልን አገራችንን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ይህንን ለልጄ ደጋግሜ ነገርኩት። ተጫዋቾቹንም አልወቅስም፤ እንጀራቸው ነበር። በኋላ ስመ ጥሩው መቺ ሄንክ አሮን የጀመረው በዚሁ ቡድን ነው፣ በ1952።

ከሰዓት፣ 65 ቁጥር መንገድ

ወደ ቺካጎ ስንሄድ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ማማዎች በተደረደሩበት የበቆሎ አገር ጎማ ፈነዳ። ግራ ቀኝ በቆሎ፣ እስከ ዓይን ማየት። የጎጃም በቆሎ እንኳን መሐሉ ላይ ዛፍ ወይ ጎጆ አለው፤ ይሄ ምንም የለውም። መኪናው ትርፍ ጎማ የለውም። አከራዮቹ ጋ ስንደውል ሁለት ሰዓት ጠብቁ አሉ። ሁለቱ ሰዓት አለፈ። ውኃችን አለቀ።

አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ቀስ ብሎ ከፊታችን ቆመ። ሹፌሩ ሲወርድ መስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለችውን መስቀል አየኋት።

"ሐበሻ ናችሁ አይደል? ከሩቅ ነው ያወቅኳችሁ" አለ።

የአዲግራት ልጅ ነው፤ ከኮሎምበስ ዕቃ ጭኖ ሚልዋኪ ይሄዳል። ውኃ ሰጠን፣ የጾም ሳንቡሳ ሰጠን፣ በራሱ ስልክ የሚያውቀውን ጎታች ጠራልን። ጎታቹ እስኪመጣ አልሄድም አለ። "ወንድሜ፣ ሥራህ ይዘገይብሃል" ብለው "እናንተን እዚህ ጥዬ የትኛውን ሥራ ልሠራ?" አለኝ። ሦስት መቶ ሃያ ዶላር ለጎማና ለጎታች ወጣ። ለእሱ ቡና መጠጫ ልስጥህ ብለው ተቆጣኝ።

ሐምሌ 5፣ ቺካጎ

ሌሊት ነው የደረስነው። ጠዋት የአክስቴ ልጅ ቤት ጾም ተፈታ። ዶሮው፣ አይቡ፣ ድፎ ዳቦው ቀርቦ ነበር። "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እየተባለ ልጄ ሦስት እንቁላል በላ። አማቷ ጋሼ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ የውቤ በረሃ ልጅ፣ የጊዮርጊስ ደጋፊ። የምንሄድበትን ስነግራቸው ቡናቸውን አስቀመጡ።

"ይሄማ የእኛም ታሪክ ነው" አሉ። "ጣሊያን በገባ ጊዜ ሐበሻ ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ አይጫወትም ነበር። ጊዮርጊስ ያኔ ሕፃን ቡድን ነው። አባቴ ነው ያጫወተኝ። ቆይ፣ እኔም አብሬያችሁ እመጣለሁ።"

አብረውን መጡ፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው።

ቺካጎ አሜሪካን ጃያንትስ የሊጉ አባት የሩብ ፎስተር ቡድን ነው፤ ሜዳ ያልነበራቸው ቺካጎ ጃያንትስ ሌሎች ናቸው። ፎስተር ቴክሳስ ተወልዶ በፒቸርነት፣ በኳስ ወርዋሪነት፣ ስም ያወጣ፣ በኋላ አሠልጣኝና ባለቤት የሆነ ሰው ነው። ሊጉን ሲያቋቁም ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጥቁር ተጫዋች የሚያስገባው የበር ገንዘብ በነጭ አስተናጋጆች ኪስ አይቅር፤ ጨዋታው በፕሮግራም ይሁን፤ ቡድኖቹ ተጫዋች አይቀማሙ። ለዚህ ሥራው ከየጨዋታው ገቢ አምስት በመቶ ይወስድ ነበር። በዚህ የሚያሙት ነበሩ። እኔ ግን ሒሳቡን ሳየው፣ ለደከመ ቡድን የባቡር ትኬት ከኪሱ የሚከፍል ሰው አምስት በመቶ ቢወስድ አይበዛበትም እላለሁ። ጃያንትስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ዋንጫ በተከታታይ ወሰዱ።

ሜዳቸው 39ኛው መንገድና ዌንትዎርዝ ላይ ነበር። ከእነሱ በፊት ከትልልቆቹ ሊጎች ቡድኖች አንዱ፣ ዋይት ሶክስ፣ የተጫወቱበት ነው፤ እስከ 1910። በ1940 በገና ቀን ተቃጠለ። አሁን ዌንትዎርዝ ጋርደንስ የሚባል የመንግሥት ቤት ቆሞበታል። ቀይ ጡብ፣ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ልብስ ማስጫ ገመድ። ጥቂት መንገዶች ወደ ሰሜን ሲኬድ የዋይት ሶክስ ግዙፍ ስታዲየም ይታያል። ጋሼ ከአንዱ ደጅ የተቀመጡ አዛውንት ጋ ሄደው ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም አሉ። ሁለቱ አዛውንት ምን እንዳወሩ ሁሉን አልሰማሁም። ሰውየው በከዘራቸው መሬቱ ላይ ቤዞቹ የነበሩበትን ሲያሳዩ፣ ጋሼ በራሳቸው ከዘራ ሲከተሉ አየሁ። ግማሽ ሰዓት ቆመን።

ሐምሌ 6፣ ሊንከን መቃብር

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ከተማዋ ደቡብ፣ ብሉ አይላንድ አጠገብ ያለው መቃብር ሄድን። ፎስተር እዚያ ነው። በ1925 ኢንዲያናፖሊስ ባረፈበት ክፍል ጋዝ አፍኖት ራሱን ስቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አእምሮው ታወከ። በ1926 ካንካኪ የአእምሮ ሆስፒታል ገባ፤ በ1930 እዚያው ሞተ። ሊጉም ከእሱ በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ቆየ።

እዚያው መቃብር ጥቁሯ አብራሪ ቤሲ ኮልማን አለች። የቺካጎ ጥቁር አብራሪዎች በየዓመቱ በላይዋ እየበረሩ አበባ ይጥሉ ነበር። ከእነሱ መሐል አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው፤ በ1935 መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው፣ በ1954 አዲስ አበባ ሞቶ ጉለሌ የተቀበረው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሻማ አላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። አልነበረንም። ጸሎት አደረሱ።

ሐምሌ 7፣ ሴንት ሉዊስ

የሆቴላችን ማቀዝቀዣ አይሠራም፤ ሙቀቱ ደግሞ የአዋሽ ነው። 94 ዶላር ከፍለን ሌሊቱን ሙሉ መስኮት ከፍተን አደርን።

የዚህ ከተማ ጃያንትስ በ1922 ስታርስ ሆኑ። አዲሱ ሜዳቸው በኮምፕተንና በማርኬት መንገዶች አካባቢ ነበር። የግራው አጥር ከትራም ጋራዥ ጋር ስለሚጋጭ በጣም አጭር ነበር፤ ብዙ ሆም ራን፣ አጥር የሚዘል ምት፣ ያንን ጋራዥ አልፏል። አሁን ቦታው የሃሪስ ስቶው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ ደስ የሚለው ዛሬም የቤዝቦል ሜዳ ነው። ኩል ፓፓ ቤል እዚህ ነው የሮጠው። መብራት አጥፍቶ ክፍሉ ሳይጨልም አልጋው ውስጥ ይገባል እያሉ ያወሩለት ነበር። ጨዋታ ካቆመ በኋላ እዚሁ ከተማ ማዘጋጃ ቤት በጽዳትና በዘበኝነት ሠራ። ልጄ ከቤዝ እስከ ቤዝ ሮጦ ሰዓት ያዝኩለት። ደግመን ያዝን። አሁንም ደግመን። ፀሐዩ አላስቆመውም።

ሐምሌ 8 እና 9፣ ካንሳስ ሲቲ

ሁሉም የተጀመረው እዚህ ነው። ፓሴዮ መንገድ ላይ ያለው የጥቁሮች ዋይ ኤም ሲ ኤ (ወወክማ) ሕንፃ ውስጥ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1920 ባለቤቶቹ ተሰብስበው ፈረሙ። ደንቡን ያረቀቁት ጋዜጠኞችና ኤሊሻ ስኮት የሚባል ጠበቃ ናቸው። የስኮት ልጆች በኋላ በ1954 የትምህርት ቤት መለያየትን ባስቀረው የብራውን ክስ ጠበቆች ሆኑ። ሕንፃውን ከውጭ ነው ያየነው። በ2018 አጥፊዎች የውኃ ቧንቧውን ቆርጠው አጥለቅልቀውት ነበር። ከመላ አገሪቱ ሰው ገንዘብ አዋጣ።

የጥቁሮቹ ሊጎች የቤዝቦል ሙዚየም ጥቂት መንገዶች ወረድ ብሎ ነው። ስትገቡ በሽቦ አጥር በኩል የነሐስ ተጫዋቾች የቆሙበት ሜዳ ይታያል። መግባት ግን አትችሉም። ታሪኩን ሁሉ ዞራችሁ ስትጨርሱ ነው በሩ የሚከፈተው። ሳቼል ፔጅ ሊወረውር ቆሟል፤ ጆሽ ጊብሰን ሊቀልብ ተቀምጧል፤ ቻርልስተን መሐል፣ ቤል ግራ። ልጄ ቻርልስተን አጠገብ ሄዶ የጓንቱን ስፌት በጣቱ ተከተለው። ስፌቱ አንድ በአንድ ተቀርጿል፤ የተሳሳተ ክር የለም።

የዚህ ከተማ ቡድን የሞናርክስ ነገር ብዙ ነው። በ1930 መብራት በጭነት መኪና እየዞሩ በማታ ተጫወቱ፤ ትልልቆቹ ሊጎች ይህን ያደረጉት በአምስት ዓመት ዘግይተው ነው። የትልልቆቹን ሊጎች በር ለጥቁሮች የከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን በ1945 የእነሱ ልጅ ነበር። የትልልቆቹ ሊጎች ቡድን ዶጀርስ ሲወስዱት ለሞናርክስ አንዲት ሳንቲም አልከፈሉም። የበሩ መከፈት ደስታ ነው፤ ግን ያንን ቤት የሠሩት ሰዎች ባዶ እጃቸውን መቅረታቸው ይቆረቁረኛል። የቀድሞው የሞናርክስ ተጫዋች በክ ኦኒልም እንደዚሁ። ይህን ሙዚየም ካቆሙት ሰዎች አንዱ ነው፤ በ2006 የዝና አዳራሽ ሳይመርጡት ሲቀሩ ሄዶ ለተመረጡት ንግግር አደረገላቸው። በዚያው ዓመት ሞተ። የገባው በ2022 ነው።

ምሳ የዚህ ከተማ ጥብስ። ሰልፉ እስከ ደጅ ነው። ጫፍ ጫፉ የከሰለ የበሬ ሥጋ፣ ነጭ ዳቦ፣ ኮምጣጣ ድልህ፣ 22 ዶላር፣ ለሁለት በቃን። ጾሙ በመፈታቱ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ከመውጣታችን በፊት ልጄ ግድግዳው ላይ ካለው ካርታ ፊት ቆሞ ነበር። የእኛን አካባቢ እያየ ነው። በኋላ ዘመን ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባሉት፣ የጆሽ ጊብሰን ቡድን፣ ዋሽንግተን ግሪፊዝ ስታዲየም ይጫወቱ ነበር። ያ ስታዲየም ፈርሶ የቆመበት ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው።

"አባዬ፣ እኔ የተወለድኩበት?"

"እሱ ራሱ።"

መኪናውን መልሰን፣ የጎማውን ደረሰኝ አስረክበን ተሳፈርን። የጎማውን ገንዘብ እስካሁን አልመለሱልንም። ሆስፒታሉ ጋ ቅዳሜ እንሄዳለን።